የመስክ መኪና የኋላ አክስል ሲለወጥ መታየት ያለበት ጉዳይ

ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ለገበሬው መድረስ ያለበት በግንቦትና በሰኔ ነው፤ የገጠሩ መንገድ የሚበላሸውም በዚሁ ጊዜ ነው። መኪናው የኋላ ሰሚያሱን ሰብሮ መረሬ አፈር ውስጥ አንድ ሳምንት ቢቆም የሚጎዳው ማኅበሩ ብቻ አይደለም፤ ዝናቡ ሳያልፈው ለመዝራት ማሳውን አለስልሶ የሚጠብቀው ገበሬ ጭምር ነው። በዚህ ምክንያት አንድ ሁለት ጊዜ የተሰበረባቸው ማኅበራት «ጠንከር ያለ አክስል ይግባልን» ብለው ይወስናሉ። ውሳኔው አንዳንድ ጊዜ ትክክል ነው። ብዙ ጊዜ ግን የተሰበረው ለምን እንደተሰበረ ሳይጠየቅ ገንዘብ ስለሚወጣ አዲሱም አክስል እንደ አሮጌው ይሆናል፤ አልፎ አልፎም ደህና የነበረው የፊት ክፍል አብሮ ይበላሻል።

ይህ ጽሑፍ መካኒክ ለማሠልጠን የተዘጋጀ አይደለም። የኤክስቴንሽን ሠራተኛውና የማኅበሩ ሥራ አመራር ኮሚቴ ወደ ጋራዥ ከመሄዳቸው በፊት ምን መጠየቅ፣ ምን መለካትና ምኑን አንቀበልም ማለት እንዳለባቸው ለማስረዳት ነው። ለምሳሌነት የተወሰዱት በአገራችን ገጠር ብዙ የሠሩት ረጅሙ ላንድሮቨር (109 የሚባለው) እና የቶዮታ ላንድክሩዘር ፒክአፕ ናቸው። አሠራሩ ለሌሎች መኪናዎችም ያገለግላል።

አክስሉ እንዴት ይሠራል?

የሞተሩ ኃይል በካምቢዮና በካርዳን ዘንግ በኩል ወደ ኋላ ይመጣል። በአክስሉ መካከል ባለው ሆዳም ቀፎ ውስጥ ፒኞን የሚባለው ትንሽ ጥርስ ኮሮና የሚባለውን ትልቅ ክብ ጥርስ ያዞራል። ኮሮናው በዲፈረንሻሉ አማካይነት ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ሰሚያሶች ያካፍላል፤ ሰሚያሶቹም ጎማዎቹን ያዞራሉ። መኪናው ሲታጠፍ የውጩ ጎማ ከውስጡ ፈጥኖ እንዲዞር የሚያስችለው ዲፈረንሻሉ ነው። ጉድለቱም ከዚሁ ይመጣል፤ አንዱ ጎማ ጭቃ ላይ ሲንሸራተት ሌላው ደረቅ መሬት ቢይዝም ከተንሸራተተው የበለጠ ጉልበት አያገኝም።

አክስሎች ጭነትን በሚሸከሙበት መንገድ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበትም ይህ ነው። በአንደኛው ዓይነት ሰሚያሱ ጎማውን ከማዞሩም በላይ የመኪናውን ክብደት ይሸከማል። በጎማው በኩል የሚደግፈው አንድ ኩሽኔታ ብቻ ነው። እንደ ቶዮታ ሃይሉክስ ያሉት ቀላል ፒክአፖች በአብዛኛው እንዲህ የተሠሩ ናቸው። በሁለተኛው ዓይነት ክብደቱን የሚሸከመው የአክስሉ ቀፎ ራሱ ነው፤ የጎማው እምብርት፣ ማለትም ሞዞው፣ በቀፎው ጫፍ ላይ በሁለት ኩሽኔታዎች ተደግፎ ይዞራል። ሰሚያሱ ማዞር እንጂ መሸከም የለበትም። በዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያውን «ተሸካሚ ሰሚያስ»፣ ሁለተኛውን «ነጻ ሰሚያስ» እንላቸዋለን። ከላይ የተጠቀሱት ላንድሮቨርና ላንድክሩዘር ፒክአፕ ነጻ ሰሚያስ ያላቸው ናቸው።

ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ በመንገድ ላይ ግን የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። ተሸካሚ ሰሚያስ በጎማው በኩል ከኩሽኔታው ውጭ ከተሰበረ ጎማው ስባሪውን ይዞ ይወጣል። ከኋላው ሰዎች የተሳፈሩበት መኪና በቁልቁለት ላይ ቢሆን የሚደርሰውን መገመት አያስቸግርም። ነጻ ሰሚያስ ቢሰበር ግን ጎማው በቦታው ይቆያል፤ መኪናው ጉልበት ያጣል እንጂ ጎማ አይጥልም። ሁለቱን ለመለየት አክስሉን መፍታት አያስፈልግም። ከጎማው መካከል ወደ ውጭ ወጣ ያለ፣ በዙሪያው በትናንሽ ዳዶዎች ወይም ቡሎኖች የታሰረ እምብርት ካለ ነጻ ሰሚያስ ነው። መሐሉ ጠፍጣፋ ሆኖ የጎማ ማሰሪያ ዳዶዎች ብቻ ከታዩ ብዙውን ጊዜ ተሸካሚ ሰሚያስ ነው።

ሰሚያስ የሚሰበረው ለምንድን ነው?

ሾፌሩ «ብረቱ ደካማ ነው» ይላል፤ መካኒኩ «ሾፌሩ ነው» ይላል። ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘዋል፤ ነገሩ ይበልጥ የሚገለጸው ግን በቁጥር ነው።

የ2.25 ሊትር ናፍጣ ሞተር ያለው ሦስተኛው ሲሪስ ላንድሮቨር ሞተሩ 14 ኪሎግራም-ሜትር ያህል የመጠምዘዝ ኃይል አለው። በዝቅተኛው የጉልበት ማርሽ አንደኛ ሲገባ ይህ ኃይል ወደ 40.7 ጊዜ ይባዛል፤ ይኸውም የካምቢዮው 3.68፣ የጉልበት ማርሹ 2.35፣ የአክስሉ 4.7 እርስ በርስ ሲባዙ የሚገኝ ነው። ስለዚህ ጎማዎቹ ዘንድ 570 ኪሎግራም-ሜትር ያህል ይደርሳል ማለት ነው። መኪናው ሜዳ ላይ ቢሆን ይህ ኃይል ለአራቱ ጎማዎች ይከፋፈላል። ዳገት ላይ ከኋላ ጭነት ሲኖር ግን የፊቱ ክፍል ይቀላል፤ የፊት ጎማዎች ለመንሸራተት ይቀርባሉ፤ በላንድሮቨሩ የፊትና የኋላ ካርዳን መካከል ዲፈረንሻል ስለሌለ ኃይሉ ከሞላ ጎደል ወደ ኋላ ያዘነብላል። ያን ጊዜ እያንዳንዱ የኋላ ሰሚያስ እስከ 285 ኪሎግራም-ሜትር ሊመጣበት ይችላል።

ጎማው ግን ይህን ሁሉ ወደ መሬት ሊያሳልፍ አይችልም። መሬቱን መያዝ የሚችለው ክብደት በተጫነበት ልክ ነው። በደረቅ ጠንካራ መሬት ላይ የመያዝ ኃይሉን የክብደቱ 7 አሥረኛ ያህል ብንወስድ፣ የ7.50-16 ጎማ ከመሐሉ እስከ መሬት ያለውን ርቀት 38 ሳንቲሜትር ብንል፣ 600 ኪሎ የተጫነበት ጎማ ወደ 160 ኪሎግራም-ሜትር ከደረሰ በኋላ ይንሸራተታል። መንሸራተቱ ሾፌሩን ያናድዳል፤ ሰሚያሱን ግን ያድነዋል። በዚያው ጎማ ላይ 1,000 ኪሎ ቢጫን የሚንሸራተተው ወደ 266 ሲደርስ ነው። ሞተሩ ያው ነው፤ ብረቱም ያው ነው፤ የተለወጠው ጭነቱ ብቻ ነው። ከመጠን በላይ መጫን ሰሚያሱን ይጠብቀው የነበረውን መንሸራተት ይወስድበታል።

የጭነቱ መጠን ብቻ ሳይሆን የሚቀመጥበት ቦታም ይቆጠራል። 109 ላንድሮቨር ከፊት አክስል እስከ ኋላ አክስል 277 ሳንቲሜትር ነው። 10 ኩንታል ማዳበሪያ መሐሉ ከኋላው አክስል 20 ሳንቲሜትር ወደ ፊት እንዲውል ቢደረደር የኋላው አክስል 930 ኪሎ ያህል ይሸከማል፤ ቀሪውን የፊቱ ይወስዳል። ያው 10 ኩንታል መሐሉ ከአክስሉ 30 ሳንቲሜትር ወደ ኋላ ቢወጣ የኋላው አክስል 1,108 ኪሎ ይሸከማል፤ የፊቱ ደግሞ 108 ኪሎ ይቀልለታል። በዳገት ላይ የፊት ጎማዎች የሚያስፈልጋቸውን ክብደት የወሰደባቸው የከረጢቱ አደራደር ነው። ይህን ለማስተካከል አንድ ሳንቲም አይጠይቅም፤ ከባዱን ወደ ካቢናው ማስጠጋት ብቻ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ድንገተኛ ምት ነው። ጭቃ ውስጥ በፍጥነት የሚሽከረከር ጎማ በድንገት ድንጋይ ቢነካ ወይም ሾፌሩ ፍሪሲዮኑን በአንድ ጊዜ ቢለቅ፣ በሚሽከረከረው ሞተር ውስጥ የተጠራቀመው ኃይል በአንድ ቅጽበት ሰሚያሱ ላይ ይወርዳል። ከላይ ያሰላነው ቁጥር ያን ጊዜ አይሠራም፤ ከዚያ በላይ ይሆናል። አሮጌ ሰሚያስ አንድ ቀን በድንገት የተሰበረ ይመስላል እንጂ ብዙ ጊዜ ስንጥቁ የጀመረው ከወራት በፊት ነው። የተሰበረውን ጫፍ አጥርቶ ማየት ይጠቅማል፤ ከፊሉ ያረጀና የጠቆረ፣ ከፊሉ አዲስና የሚያብረቀርቅ ከሆነ ስንጥቁ የቆየ ነበር።

ስለዚህ ኮሚቴው አክስል ስለ መግዛት ከመነጋገሩ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ የተሰበረው የትኛው ክፍል ነው? በዚያን ጊዜ ስንት ኩንታል ተጭኖ ነበር? ዘይቱስ በምን ሁኔታ ላይ ነበር? ኮሮናውና ፒኞኑ ተቃጥለው ጠቁረው ከተገኙ ጥፋቱ የዘይት ነው፤ ወፍራም አክስል አያድነውም። ዘይቱ ወተት መስሎ ከወጣ ውሃ ገብቶበታል። አክስሉ ላይ ያለችው ትንሿ የአየር መተንፈሻ በጭቃ ስትደፈን የሞቀው አየር መውጫ አጥቶ ዘይቱን በሞዞው በኩል ወደ ፍሬኑ ይገፋል፤ ወንዝ ሲሻገር ደግሞ ቀፎው በድንገት ቀዝቅዞ ውሃ ይስባል። ይቺን መተንፈሻ በሽቦ መጥረግ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ለመለወጥ ከተወሰነ

ጭነቱ በልኩ ሆኖ፣ አነዳዱም ተስተካክሎ፣ ሰሚያሱ ግን አሁንም የሚሰበር ከሆነ መለወጡ ተገቢ ነው።

ቀላሉ መንገድ አክስሉን ትቶ ሰሚያሶቹን ብቻ ከተሻለ ብረት በተሠሩ መለወጥ ነው። የቀድሞዎቹ ላንድሮቨሮች የሮቨር አክስል ሰሚያስ በዲፈረንሻሉ በኩል 10 ጥርስ ብቻ ያለው ነው፤ የሚሰበረውም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ጥርሶቹ ላይ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። በዚህ አክስል ውስጥ ሰሚያሱ እንደ ኤሌክትሪክ ፊውዝ ነው፤ እሱ ሲሰበር ከእሱ የሚወደደው ዲፈረንሻል ይተርፋል። ሰሚያሱ ብቻ ከጠነከረ ቀጥሎ የሚሰበረው የዲፈረንሻሉ ጥርስ ይሆናል። በእኛ አስተያየት በቂ መለዋወጫና ጥሩ ጋራዥ ቅርብ ለሌለው ማኅበር ሁለት ትርፍ ሰሚያሶች በመኪናው ውስጥ ይዞ መዞር ከዚህ ይሻላል። የግራውና የቀኙ ርዝመት ስለማይመሳሰል ከሁለቱም አንዳንድ መያዝ አለበት።

ሁለተኛው መንገድ አክስሉን በሙሉ መለወጥ ነው። ለ109 ላንድሮቨር የታወቀው ምርጫ ሳልስበሪ የሚባለው አክስል ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 በተሠራው በሦስተኛው ሲሪስ 109 መኪና ላይ ይገኛል። በመልኩ መለየት ይቻላል፤ የሮቨሩ አክስል ጀርባው ድፍን ሲሆን ዲፈረንሻሉ የሚወጣው ከፊት ነው፤ ሳልስበሪው ግን በጀርባው በቡሎን የታሰረ ክዳን አለው። ኮሮናውም ሰሚያሱም ወፍራም ነው። ጉዳትም አለው፦ ክብደቱ ይበልጣል፤ ሆዱ ወደ መሬት ስለሚቀርብ ድንጋይ ይነካል፤ ፒኞኑ ያለበት አፍንጫም ስለሚለያይ የቀድሞው ካርዳን ርዝመት ላይስማማ ይችላል። ጥርሱን ማስተካከል የሚቻለው ቀፎው ውስጥ እያለ ስለሆነ ልምድና ልዩ መሣሪያ ይጠይቃል። የሮቨሩን ዲፈረንሻል ግን የወረዳ መካኒክ ከፊት አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ሊሠራው ይችላል። ሳልስበሪ ለመግዛት የፈለገ ማኅበር የተፈታተነ ሳይሆን ጥርሱ ያልተነካ ሙሉ አክስል ይፈልግ።

አሁን ትልቁን ወጥመድ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው 110 ላንድሮቨርም የኋላ አክስሉ ሳልስበሪ ነው። ስሙ አንድ ስለሆነ፣ መልኩም ስለሚመሳሰል ሻጩ «ያው ነው» ይላል። ያው አይደለም። የ109ኙ የጥርስ ሬሾ 4.7 ሲሆን የ110ሩ 3.54 ነው፤ የ110ሩ መቀመጫም ለባሌስትራ ሳይሆን ለጥቅል ስፕሪንግ የተሠራ ነው። በ109ኙ ላይ ተበይዶ ቢገባ ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር የፊቱ ካርዳን 4.7 ጊዜ፣ የኋላው 3.54 ጊዜ መዞር ይፈልጋል። ሁለቱ ካርዳኖች ደግሞ በአራት ጎማ ጉዞ ጊዜ አንድ ላይ የተቆለፉ ናቸው። መኪናው በሁለት ጎማ ሲነዳ ምንም አይታወቅም፤ እንዲያውም በአስፋልት ላይ ፈጣን ሆነ ተብሎ ይመሰገናል። ጭቃ ላይ የፊት ጉልበት ሲገባ ግን ጎማዎቹ እርስ በርስ ይታገላሉ፤ ዕድል ካለ ጎማ ይበላል፤ ጠንካራ መሬት ላይ ከሆነ ሰሚያስ ወይም የማከፋፈያው ጥርስ ይሰበራል። በአንድ ጋራዥ በር ላይ ያየነው መኪና እንዲህ ሆኖ አዲስ አክስል ከገባለት በኋላ የማከፋፈያውን ጥርስ በልቶ ተገትሮ ነበር፤ ባለቤቶቹ ደግሞ አሁንም ቅሬታቸው በብረቱ ላይ ነበር።

ሬሾውን ማንም ሰው ሊለካ ይችላል። መኪናው በሜዳ ላይ ይቁም፤ የቀሩት ጎማዎች በታኮ ይያዙ፤ ካምቢዮው ባዶ ይሁን፤ የእጅ ፍሬን ካርዳኑን የሚይዝ ዓይነት ከሆነ ይለቀቅ። አንዱ የኋላ ጎማ በክሪክ ይነሣ፤ ሌላው መሬት ላይ ይቆይ። በካርዳኑና በጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረግ። ከዚያ የተነሣው ጎማ በትክክል ሁለት ጊዜ ሲዞር ካርዳኑ ስንት ጊዜ እንደዞረ ይቆጠር፤ አንዱ ጎማ ስለቆመ ሁለት ዙር የጎማ ማለት አንድ ዙር የኮሮና ማለት ነው። አራት ሙሉ ዙርና ከሁለት ሦስተኛ በጥቂት የሚያልፍ ከሆነ 4.7 ነው፤ ሦስት ተኩል ያህል ከሆነ 3.54 ነው። ተመሳሳዩ በፊት አክስል ይደገም፤ የፊቱ ሞዞ መፍቻና መቆለፊያ ካለው መቆለፍ አለበት። ለመግዛት በቀረበው አክስል ላይም እንዲሁ ይደረግ፤ መሬት ላይ ተጋድሞ ከሆነ አንዱን ሞዞ ሰው አጥብቆ ይያዝለት። የፊትና የኋላው ቁጥር ካልተመሳሰለ ዋጋው ምንም ቢረክስ አይገዛም።

ከሌላ ፋብሪካ መኪና አክስል ወስዶ ማስገባት ሲታሰብ የጎማ ማሰሪያውም ይታይ። ላንድሮቨር 5 ቡሎን በ165.1 ሚሊሜትር ክብ ላይ አለው። የቀድሞው ላንድክሩዘር ፒክአፕ 6 ቡሎን በ139.7 ሚሊሜትር፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ የመጣው 78 እና 79 ደግሞ 5 ቡሎን በ150 ሚሊሜትር ነው። የፊትና የኋላው ከተለያየ መኪናው ሁለት ዓይነት ትርፍ ጎማ መያዝ አለበት። ማኅበሩ አንዱን ቤት ትቶ የሚሄድበት ቀን፣ የሚቀደደው ጎማ የዚያ ዓይነት ይሆናል።

የዲፈረንሻል መቆለፊያ እናስገባ የሚሉም አሉ። በጭቃ ላይ ጥቅሙ ትልቅ ነው። ይሁን እንጂ ሲቆለፍ ሁለቱ ሰሚያሶች ይካፈሉት የነበረው ኃይል አንዱ ጎማ ከመሬት ሲነሣ በሙሉ በአንዱ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ባለ 10 ጥርሱ ሰሚያስ ላይ መቆለፊያ ማስገባት ችግር መግዛት ነው። ጠንካራ ሰሚያስ ባለው አክስል ላይ ቢገባም ጠንካራ መሬት ላይ መፈታት አለበት።

ሌላው መነገር ያለበት አዲስ አክስል የመኪናውን የመጫን ፈቃድ አይጨምርም። ባሌስትራው፣ ሻንሲው፣ ጎማውና ፍሬኑ የቀድሞዎቹ ናቸው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ላይ መኪናውን የሚይዘው የአክስሉ ውፍረት ሳይሆን ፍሬኑ ነው። የተገዛው አክስል የፍሬን ታምቡር ከቀድሞው ያነሰ እንዳይሆን ይለካ፤ የ109ኙ 11 ኢንች፣ የአጭሩ (88) ላንድሮቨር 10 ኢንች ነው።

ያገለገለ አክስል ሲገዛ ዘይቱ ይፈሰስና በንጹሕ ጨርቅ ላይ ይታይ፤ ደቃቅ የብረት ብናኝ የተለመደ ነው፤ በጣት የሚያዝ ስባሪ ከተገኘ አይገዛም። ሰሚያሶቹ ይውጡና ጥርሶቻቸው ይታዩ፤ ጥርሱ ቀጥ ብሎ መሄዱን ትቶ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ከሆነ ለመሰበር የተቃረበ ነው። ቀፎው አለመጉበጡን ለማወቅ ጎማ ታስሮበት በግራና በቀኝ ቸርኬዎች መካከል ያለው ርቀት ከፊት በኩልና ከኋላ በኩል ይለካ፤ ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። ቀድሞ የተበየደ ቀፎ ካለ ምክንያቱ ይጠየቅ።

መንገድ ላይ ሲሰበር

በላንድሮቨር ሲሪስ መኪናዎች የእጅ ፍሬኑ ጎማዎቹን አይዝም፤ የሚይዘው ከማከፋፈያው ወደ ኋላ የሚወጣውን ዘንግ ነው። አንድ የኋላ ሰሚያስ ከተሰበረ መኪናው በሁለት ጎማ ላይ እያለ የእጅ ፍሬን ቢሳብ የሚይዘው ነገር የለም፤ ዳገት ላይ የቆመው መኪና ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ስለዚህ ሾፌሩ «ሞተሩ ይሠራል፣ መኪናው ግን አይሄድም» ባለበት ቅጽበት እግሩን ከፍሬን ሳያነሣ ረዳቱ ወርዶ ጎማዎቹን በታኮ ወይም በድንጋይ ይያዝ። ከኋላ የተሳፈረ ሰው ቢኖር ይውረድ፤ ከመኪናው ኋላና ከሥሩም ማንም እንዳይሆን ይደረግ። ከዚያ በኋላ የአራት ጎማ ጉልበት ይገባል፤ ያን ጊዜ የእጅ ፍሬኑ በፊት ጎማዎች በኩል መያዝ ይችላል፤ ታኮው ግን አይነሣም።

ነጻ ሰሚያስ ያለው መኪና በፊት ጎማዎቹ ኃይል ቀስ ብሎ ወደ ቅርብ ከተማ መግባት ይችላል። ጭነቱ ይውረድ፤ የተሰበረው ሰሚያስ ውስጥ የቀረው ቁራጭም እየተዟዟረ ዲፈረንሻሉን እንዳይጎዳ ቢቻል ይውጣ። የሞዞው አፍ ክፍት ከቀረ ዘይቱ ይፈስሳል፤ አፈርም ይገባል፤ በቆርቆሮና በጓርኒሲዮን ይዘጋ። ተሸካሚ ሰሚያስ የተሰበረበት መኪና ግን በራሱ ጎማ አይንቀሳቀስም፤ ባለበት ይጠገናል ወይም ኋላው ተነሥቶ ይወሰዳል።

አዲሱ አክስል ከገባ በኋላ በመጀመሪያው 500 ኪሎሜትር የቸርኬ ዳዶዎች፣ አክስሉን ከባሌስትራ ጋር የሚያስሩት ጠምዛዛ ቡሎኖችና የካርዳኑ ቡሎኖች እንደገና ይጠበቁ። በላንድክሩዘር ፒክአፕ ላይ ሰሚያሱን ከሞዞው ጋር የሚያስሩት ትናንሽ ዳዶዎች ሲላሉ ቡሎኖቻቸውን ቆርጠው ይጥላሉ፤ ሾጣጣ ቀለበቶቻቸው በቦታቸው መኖራቸው በየሳምንቱ ይታይ። የመጀመሪያው ዘይት በ1,000 ኪሎሜትር ይፈሰስና በ90 ቁጥር የዲፈረንሻል ዘይት ይተካ፤ ቀኑ፣ ኪሎሜትሩና ከዘይቱ ጋር የወጣው ነገር በመኪናው መዝገብ ላይ ይጻፍ።